የፋቅኩት መስመር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ቤቴ ጎፋ፣ ከወንዙ አጠገብ ነው። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ግቢያችን ገባ። ውሃው ከጎደለ በኋላ አንድ የሕግ ፕሮፌሰር ተማሪዎቻቸውን ይዘው መጡ። ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ አደጋ ሕግ የሚያስተምሩ ናቸው። እኔ ሕግ የሚባለው ሰው ከተጎዳ በኋላ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ፣ "የእኛ ሥራ ውሃውን መቅደም ነው" አሉን። ከዚያ ባለቤቱን እያስፈቀዱ፣ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በየግድግዳው ላይ በሰማያዊ የዘይት ቀለም አሰመሩ። ተከራይም ገዢም አይቶ እንዲያውቅ ነው። ለማያውቀው ሰው እንዲህ የሚደክም የተማረ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም ደስ ብሎኝ ፈቀድኩ።

በኋላ ግን የጓሮውን ክፍል የሚከራይ ጠፋ። የመጣው ሁሉ መስመሩን እያየ ይመለሳል። ምን አደረግኩ? መስመሩን በቢላ ፋቅኩት። በላዩም ቀለም ቀባሁበት። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔው በገዛ እጄ።

አልማዝ የምትባል ልብስ ሰፊ ከታመሙ አባቷ ጋር መጣች።

"እትዬ፣ ክረምት ላይ ውሃ አይገባም አይደል?"

"ኧረ፣ እዚህ አይደርስም" አልኳት።

ደረሰ። ሽማግሌውን ጎረቤቶች ከነፍራሻቸው ተሸክመው አወጧቸው። ብርዱ ደረታቸው ገባ፤ ከልጃቸው ጋር ለቡ ወደሚባለው ሰፈር ቤት ቀይረው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። በሽታቸው የቆየ ነው ብዬ ራሴን ላታልል?

ውሃው በገባ ማግስት ፕሮፌሰሩ ተመልሰው መጥተው ነበር። አልማዝ "የነገረን ሰው የለም" አለቻቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"እማማ፣ ዝናብ አጥቦት ይሆን?"

"ይሆናል" አልኩ።

የዘይት ቀለም በዝናብ እንደማይለቅ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ብሩሹን እንደያዙ ትንሽ ጠበቁ። እውነቱን እንድናገር ጊዜ መስጠታቸው እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። እኔ ግን ጭቃውን መጥረግ ያዝኩ። በሰው ፊት አላዋረዱኝም፤ ጎንበስ ብለው አዲሱን መስመር ራሳቸው አሰመሩ።

ያ መስመር አሁንም አለ። ሊከራይ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ እዚያ አቆመዋለሁ። ይህ የእሳቸው ትምህርት ነው እንጂ የእኔ ደግነት አይደለም።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው አልማዝ ናት፤ እሷም ዛሬም ለቡ ናት። ታክሲው በደጄ ያልፋል፤ ረዳቱ "ለቡ፣ ለቡ" እያለ ይጣራል። አንድም ቀን አልተሳፈርኩም።