የአባቴ ሰዋስው በሌላ ሰው ስም

አባቴ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም አማርኛ ያስተምራል፤ ጥምጥሙን ትቶ ኮት ቢለብስም ሰዉ “የኔታ” ማለቱን አልተወም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከትምህርት ሲመለስ የሰዋስው መጽሐፍ ይጽፍ ጀመር። ምሳሌዎቹን የሚያነሣው ከቤታችን ነበር። “እናቷ ብትኖር ኖሮ ፀጉሯን ትሠራት ነበር” የሚል ነበረበት። ልጅቷ እኔ ነኝ። እሱ ሹሩባ ስለማይችል ጎረቤት እየለመነ ያሠራኝ ነበር።

ሲጨርስ ከደሴ ለመጣ የመጻሕፍት ገምጋሚ ሰጠው። ሰውየው “የፊውዳል ሽታ አለው” ብሎ ጣለው፤ ጽሑፉን ግን አልመለሰም።

ክረምት ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አዲሱ የሰዋስው መጽሐፍ በጭነት መኪና መጣ። ሽፋኑ ላይ የገምጋሚው ስም አለ። ሰውየው የለወጠው ነገር ቢኖር “እግዚአብሔር” የሚለውን ሁሉ “ሰፊው ሕዝብ” ማድረጉ ነው። ስለዚህ “ሰፊው ሕዝብ ነፍሷን ይማር” የሚል ዓረፍተ ነገር አጠናን።

አባቴ ከዚያው መጽሐፍ አስተማረን። የፀጉሯ ምሳሌ ጋ ስንደርስ አንዱ ተማሪ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

“ቀጥል” አለው አባቴ።

ገምጋሚው ለስብሰባ ሲመጣ አባቴ ቢሮ ገብቶ አነጋገረው። “ጓድ፣ ይህ የእኔ ድካም ነው። የሰጠሁዎ ጽሑፍ እርስዎ ዘንድ አለ።”

“ዕውቀትም የግል ሀብት ሆነና ነው?” አለው ሰውየው። “መሬቱ የሕዝብ ሲሆን ቃላቱን ለራስህ ልታስቀር ነው?”

በማግስቱ መምህራንም ተማሪዎችም በግቢው ተሰበሰብን። አባቴ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ። ታስሮ የቀረ መምህር እናውቃለን፤ እኔ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም የለኝም። ተነሣና “ጓዶች፣ ምቀኝነት ይዞኝ ነበር” አለ።

ገምጋሚው ከመቀመጫው ሳይነሣ አረመው። “ይዞኝ ነበር አይባልም። ይዞኛል በል። ገና አልለቀቀህም።”

“ይዞኛል” አለ አባቴ።

አጨብጭቡ ተባለ፤ ግቢው አጨበጨበ። በወሩ ወደ ወግዲ አዛወሩት። እዚያም ያው መጽሐፍ ነበር። ዓይኑ ደክሞ ፊደል መለየት እስኪያቅተው ድረስ አስተማረበት፤ በኋላማ ሳይገልጠው ነበር የሚያስተምረው። ገምጋሚው ተሹሞ አዲስ አበባ ገባ።

አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ የቀድሞ ተማሪው፣ ራሱም መምህር የሆነ፣ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጡት ሲያወራ ሰማሁት። “የኔታ የሰውን መጽሐፍ ያከብሩ ነበር። ያንን ሰዋስው ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ነበር የሚያውቁት።”

“የጻፈው እሱ ነው” አልሁት።

“አይዞሽ እቴ” አለኝና ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።