የምናወር ትንሿ ፍላሚንጎ

እዚህ ቱኒዚያ፣ ስፋክስ ከተማ ውስጥ ወፍ አያለሁ የሚል ሰው ሁሉ ምናወርን ውሸታም ይለዋል። ይሄ ነገር አንጀቴን ያሳርረዋል። ምናወር ጎረቤቴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ሲሰፋ ኖሮ «ነገ ና» ያለውን ደንበኛ ለከነገ ወዲያ ያሳደረ ሰው አይደለም።

ጣጣው የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። ከከተማው በታች ባሉት የጨው ኩሬዎች ዳር ብቻውን ቆሞ፣ ከረጃጅሞቹ ፍላሚንጎዎች መሀል አንዲት አጭር፣ ቀላ ያለች፣ መንቁሯ የጠቆረ ፍላሚንጎ አየ። እኔ በልጅነቴ አገሬ ኢትዮጵያ፣ አቢያታ ሐይቅ ላይ ጠግቤ ያየኋት ዓይነት ናት፤ እዚህ ስፋክስ ግን ብርቅ ናት። ምናወር ፎቶ ሊያነሳ ሲል ስልኩ ከእጁ አምልጦ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ገባ። እርጥብ ስልኩን ይዞ በቀጥታ ወደ ሸድሊ ሮጠ።

ሸድሊ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የወፍ ተመልካቾቹም አለቃ እሱ ነው። «ሁለት ሰው ያላየው ወፍ አልመጣም» የሚለውን ሕግ ያወጣውም ራሱ ነው።

«ዘንድሮ የተፈለፈለች ትሆናለች» አለው መቀሱን ሳያስቀምጥ።

«የዘንድሮዎቹ ግራጫ ናቸው። እቺ ቀይ ናት እልሃለሁ!»

«እንግዲያው ጀምበር ናት ያቀላችልህ።»

ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምናወር ቡና ቤት በገባ ቁጥር «ዛሬስ ዳይኖሰር አልመጣም?» ይሉታል።

እሱም ኅዳር ሲገባ ኩሬው ዳር ይተከላል። ነፋሱ ዓይኑን በጨው ይሞላዋል። ቀይ ነገር ብልጭ ሲል ሮጦ ሄዶ የሱቅ ፌስታል ሆኖ ያገኘዋል። ፍላሚንጎ ደግሞ ሲተኛ መንቁሩን ክንፉ ውስጥ ይቀብራል፤ መለያው መንቁሩ ካልታየ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ብሆን በድንጋይ እቀሰቅሳቸው ነበር።

ዘንድሮ ሸድሊን በልመና አብሮት እንዲሄድ አደረገው።

«እመጣለሁ» አለ ሸድሊ። «ካላየኋት ግን ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሳብኝ። እስከ ዕለተ ሞትህ!»

«እሺ።»

የቀጠሩት ቀን የእነ ምናወር የወይራ ፍሬ የሚለቀምበት ቀን ነበር። ምናወር ሚስቱ ናጂያ ሳትነሳ ከቤት ሹልክ አለ፤ ለነፋሱ መከለያ ትሆነኛለች ብሎ ትልቋን ሸራ በሞተሩ ላይ ጭኖ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች ሸራዋን ተከልለው ዳቦ ሃሪሳ በሚሉት የበርበሬ ድልህ እየበሉ እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ። ወፎቹ ተኝተዋል። ሸድሊ ማዛጋት ጀመረ። በዚህ መሀል የምናወር ስልክ ጮኸ፤ ናጂያ ናት።

«አንተ ሰውዬ! ለቃሚዎቹ መሰላል ላይ ወጥተዋል፤ ሸራው የታለ?»

«የቱ ሸራ?»

«የቱ ሸራ ይለኛል ደግሞ! ከዛፉ ሥር የሚነጠፈው ነዋ! ወይራው አፈር ላይ እየረገፈ ነው እኮ!»

የናጂያ ድምፅ እንኳን ወፍ ሰውም ያስበረግጋል። ምናወር ስልኩን በመዳፉ አፍኖ ከአንድ የጨው ክምር ጀርባ ሄደና እዚያ ሆኖ ተሰደበ። ስድቡ ሲያልቅ ተመለሰ። ሸድሊ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አየሃት? አየሃት አይደል?» አለው።

«ማንን?»

«እሷን ነዋ! አጭሯን! ከነመንቁሯ፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ! አሁን ተነሥታ ወደ ባሕሩ በረረች!»

«ፎቶስ?»

ካሜራው ሸድሊ አንገት ላይ ነበር፤ ክዳኑም እንደተከደነ።

ምናወር ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። ነፋሱን ረገመ፣ ስልኩን ረገመ፣ ወይራ የተከሉ አያቶቹን ሳይቀር ረገመ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቃት ወፍ መጥታ የሄደችው እሱ ለሚስቱ ስለ ሸራ ሲዋሽ ነው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሸድሊ ጠጋ አለው። «ስማኝ፣ አይተሃል በቃ። ማታ አብረን አየናት እንላለን። ያንተም ስም ይጠራል፣ የእኔም ወፍ ትመዘገባለች። ምን ይጎድልብሃል?»

ምናወር የሸራውን ገመድ ይፈታ ጀመር። «አላየሁም» አለ።

«አብደሃል? ስትለምነኝ የኖርከው ለዚህ አይደል እንዴ!»

«አላየኋትማ። ከሚስቴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።»

«ታዲያ እኔን ማን ሊያምነኝ ነው?»

«እኔ አምንሃለሁ።»

ሸድሊ ወፏ ወደበረረችበት ባሕር አየና «ያኔ… ያኔ ሱቄ ስትመጣ እኔም እንዲህ ብዬህ ቢሆን ኖሮ…» አለ።

«አላልክም» አለ ምናወር። «በል በዚያ በኩል ያዝልኝና እንጠቅልለው፤ ናጂያ ትገድለኛለች።»