ሁለተኛው ጥሪ

ባለፈው ሳምንት ወደ መተማ ስወርድ ሚኒባሱ ሸሕዲ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ሰው ሁሉ ሐብሐብ ሊገዛ ሲበተን እኔ ቀና ብዬ ያንን ፎቅ አየሁት። ከየመስኮቱ በላይ የሰቀልነው ጠቆር ያለ መስታወት ዛሬም አለ። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ ብል ማን ያምነኛል?

ያኔ ጎረምሳ ነበርሁ፤ የመስታወት ሠራተኛ። ፎቁ አሮጌ ሆቴል ነው። በምዕራብ በኩል ያሉት ክፍሎች ከሰዓት በኋላ ምድጃ ስለሚሆኑ የሰሊጥ ነጋዴው ሁሉ አልጋ ይዞ ጣሪያ ላይ ያድር ነበር። ባለቤቱ ሐጂ፣ ሸምገል ያሉ ነጋዴ፣ ሲያሳድሱት መስኮቱን በቆርቆሮ መጋረድ አልፈለጉም። "ብርሃኑ ይግባ፣ እሳቱ ውጭ ይቅር" አሉን። ስለዚህ ከየመስኮቱ አናት ብረት እያወጣን ወፍራም መስታወት አጋደምንበት። ጥላው ክፍሉ ውስጥ ሲያርፍ አረንጓዴ ነበር፤ ኩሬ ውስጥ የገባህ ይመስልሃል።

ቆላ ላይ ቀትር ክፉ ነው። አየሩ የደረቀ ገለባ ይሸታል፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም። ሐጂ ገና ሥራ ስንጀምር መክረውናል፦ "ልጆቼ፣ በቀትር ስማችሁን የጠራ ቢኖር ቶሎ አቤት አትበሉ። ሰው ከሆነ ይደግመዋል።" እኔና ጓደኛዬ ሞላ ሳቅን፤ ግን ጠበቅነው።

አንድ ቀን ሞላ "ይቺን ብሎን ላጥብቅና እወርዳለሁ" ብሎ የምንሠራበት የእንጨት ርብራብ ላይ ቀረ። እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ቀና ስል ከራሱ በላይ ያለው መስታወት ከብረቱ እየለቀቀ ነው። "ሞላ!" ብዬ ጮህሁ። እጁ ቆመ፤ ሰምቷል። ግን እስክደግመው ይጠብቃል። ልድገመው ብል፣ እመቤቴን፣ ትንፍሽ ማለት አቃተኝ!

ያኔ ሞላ "አቤት!" አለ። ወደ እኔ ግን አልነበረም፤ ፊቱን ወደ ባዶው ክፍል አዙሮ ነው። በመስኮቱ ዘሎ ገባ። መስታወቱ ወርዶ ሞላ ቆሞበት የነበረውን ጣውላ ሰነጠቀው።

ሮጦ ወርዶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። "አንተዬ፣ ደግመህ ባትጠራኝ አልቄልህ ነበር!"

ሐጂ የመስታወቱን ድምፅ ሰምተው ከሱቃቸው ሲመጡ ሞላ ይህን ሲል ደረሱ። ወደ ጎን ሳብ አድርገው "ደገምኸው?" አሉኝ።

"አልደገምሁም፣ ሐጂ።"

ፊታቸው ተለወጠ። "አስተግፊሩላህ! ለሱ እንዳትነግረው፤ ልቡ ይሸበራል።" አብረን ወጥተን አየን። በክፍሉ አቧራ ላይ የሞላ የእግር ዱካ ብቻ ነበር።

ሐጂ አርፈዋል። ሞላ ኮኪት ላይ ሰሊጥ ያርሳል፣ የልጆች አባት ሆኗል። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። ዘንድሮም "አንተ ባትኖር እነዚህ ልጆች አይኖሩም ነበር" አለኝ። "እግዜር ይመስገን" ብዬ ዘጋሁት። ምስጋናው የኔ አይደለም፤ ላድርስ ብል ለማን ላድርሰው?