ሹሩቅን ያወፈረ እጅ

በዩሚ ልጅነቱን በረሃብ ነው የጨረሰው። አባቱ በሰው መሬት ላይ ጥጥ ለቃሚ ነበር፤ ምሳ የሚባለው ነገር ቤታቸው የሚመጣው እንደ እንግዳ ብቅ እያለ ነው። የግብጿ ጣንታ ከተማ ገብቶ ጣፋጭ ቤት ሲቀጠር ገና ጢም አላበቀለም። ከዚያ ወዲህ ባስቡሳ የሚሉትን በሽሮፕ የራሰ ኬክ ሲጋግር፣ ኩናፋ የሚሉትን ጣፋጭ በቅቤ ሲያርስ ፀጉሩ ሸበተ፤ ሰውነቱ ግን ያው እንደ ድሮው እንጨት ነው።

ከሚስቱ ከኢንሺራህ ጋር ልጅ ሳያገኙ ብዙ ቆዩ። ተስፋ ቆርጠው ሳለ ሹሩቅ ተወለደች። ያን ቀን በዩሚ ይህች ልጅ ረሃብን በስሙም አታውቀውም ብሎ በልቡ ማለ። ቃሉንም ጠበቀ። ማታ ከሥራ ሲመለስ የተሰባበረውን ባስቡሳ፣ ጠርዙ ያረረውን ኩናፋ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል። ጉንጯ ሞልቶ ጎረቤት "ማሻአላህ፣ የአባቷ ሲሳይ ፊቷ ላይ ይታያል" ሲለው ደረቱ ይነፋል።

ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን ከሰፈር ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል አገኛትና ክንዷን ይዞ ወደ ቤት አስገባት።

"ሴት ልጅ መንገድ ላይ አትፈነጭም። እቤት ምን ጎደለሽ?"

ምንም አልጎደላትም። ቴሌቪዥን አለ፣ ቺፕስ አለ፣ ለስላሳ አለ። ኢንሺራህ "ልጅቷ እኮ ታፈነች" ብትለው "ባጃጅ ከሚጨፈልቃት ይሻላል" አላት። ይህስ እውነቱን ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ነጂው ሰው የማይምር። የትምህርት ቤቱም ሜዳ ተጨማሪ ክፍል ተሠርቶበታል፤ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ተሰጥቷል።

ሹሩቅ ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ አንገቷ ጠቆረ፣ ውሃ አልጠግብ አለች፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰዷት። ወጣቷ ዶክተር ውጤቱን አይታ ቀና አለች።

"ስኳር ጀምሯታል። ጉበቷም ስብ ይዟል።"

"ስኳር የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ?" አለ በዩሚ።

"ድሮ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን ትሠራለች?"

"እቤት ናት፤ ተጠብቃ።"

"ምን ትበላለች?"

 የመለሰችው ኢንሺራህ ናት፤ "አባቷ የሚያመጣላትን።"

ዶክተሯ መድኃኒት አዘዘች። ከዚያም ጣፋጩና ለስላሳው ከእሷ ፊት ብቻ ሳይሆን ከቤቱ እንዲወጣ፣ ልጅቷ በየቀኑ እንድትንቀሳቀስ ነገረቻቸው። "በሰውነቷ ግን እንዳታሳፍሯት" አለች በመጨረሻ።

በዩሚ ባዶ እጁን መግባት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ሹሩቅን ይዞ በሰፈሩ የመስኖ ቦይ ዳር ይሄዳል። መጀመሪያ ታለከልክና ትቀመጥ ነበር፤ እያደር እየተራመደች ማውራት ለመደች። ክፍል ውስጥ "ድብ" እንደሚሏት፣ ከኋላ የምትቀመጠው ሰው እንዳያያት እንደሆነ የነገረችው እዚያ ነው። በዩሚ ከልጁ ጋር ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት አባትና ልጅ ሲያልፉ በመንገዱ ዳር ባለ ሻይ ቤት በር ላይ የጣፋጭ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ሺብል ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጧል።

"በዩሚ" አለ ሐጂ፣ "ለአረፋ ነው የምታደልባት?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። በዩሚም ሳቀ። ደስ ብሎት አይደለም፤ አለቃ ሲቀልድ የሚሳቀውን ሳቅ ነው የሳቀው።

ሹሩቅ እቤት እስኪደርሱ ቀድማው ሄደች። በሩ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ሳቅክ።"

"አለቃዬ እኮ ነው ልጄ፣ ምን ልበል?"

"አንተው አወፈርከኝ፤ አንተው ሳቅክብኝ።"

ከዚያ በኋላ አብራው ወጥታ አታውቅም። ትምህርት ቤትም አልሄድ ብላ ሰነበተች። ኢንሺራህ የልጅቷን ፍራሽ ስታነሳ የብስኩትና የቸኮሌት መጠቅለያ አገኘች፤ በዩሚ ያመጣው አልነበረም፤ በየሱቁ ሞልቷል። ስኳሩ ባሰባት፣ መርፌ ተጀመረላት።

ከወራት በኋላ ጎረቤት ያለችው ጓደኛዋ ኑሃ ጎትታ ጣሪያ ላይ አወጣቻት። ሁለቱ የጣሪያውን በር በእነሱ በኩል ቆልፈው ገመድ መዝለል ጀመሩ። ታች በዩሚ ተኝቶ ኮቴያቸውን ይሰማል፤ የኮርኒሱ ኖራ አልጋው ላይ ይራገፋል። ሹሩቅ ቀለል አለች። ዶክተሯ ግን ስኳሩ ምናልባት ዕድሜ ልኳን አብሯት እንደሚኖር፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ሌላ ይሆን እንደነበር አልደበቀቻቸውም።

አንድ ቀን በዩሚ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ደረጃውን ወጣና አንኳኳ። ዝላዩ ቆመ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ውሃ ይዤልሽ መጥቼ ነው።"



"ለእማዬ ስጣት፤ ከእሷ እቀበላለሁ።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። በዩሚ ቁጣ ቢኖርበት በወደደ ነበር። ዝላዩ እንደገና እስኪጀምር በሩ ላይ ቆየ። ከዚያም ወርዶ ውሃውን ለኢንሺራህ ሰጣትና ወደ ሥራው ሄደ፤ የበዓል ዋዜማ ነበርና ጣፋጭ ቤቱ ልጅ ባዘሉ አባቶች ተጨናንቆ ጠበቀው።