አክስቴ የቀበረችው ቆጮ

ባለፈው ቅዳሜ ዲላ ገበያ አንዲት ሴት ቆጮ የጠቀለለችበትን የእንሰት ቅጠል ስትፈታ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ መጣብኝ። ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። "እናት ዓለም፣ ትወስጂያለሽ ወይስ ታሸቺያለሽ?" አለችኝ። ሳቅ ብዬ ገዛሁ።

ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ክረምት ስለሆነ ትምህርት ተዘግቷል። የእናቴ ሆድ ገፍቶ ነበርና አባቴ ቡሌ ያለች እህቱ ዘንድ ወስዶ ተወኝ። አክስቴ ለአራሷ የሚሆን ቆጮ ልታዘጋጅ እንሰት አስጥላ ነበር። "ይሄ ሲደርስ ተሸክመን አብረን እንወርዳለን። እናትህ ሳትወልድ ትደርሳለህ" አለችኝ። አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የምትለው።

የፋቀችውን እንሰት፣ ቅጠል ባነጠፈችበት ጉድጓድ ውስጥ ጠቀጠቀች፣ ሌላ ቅጠል ደራረበች፣ ድንጋይ ጫነችበት። ከዚያ ወዲያ ዞር ብላም አላየችው። ለእኔ ግን እዚያ የተቀበረው ወደ ቤት የምሄድበት ቀን ነበር።

ቡሌ ብርዳም ናት። ጠዋት ጉሙ ከእንሰቱ ሥር ሳይነሳ፣ እሷ ላሟን ስታልብ የወተቱ ድምፅ እየተሰማኝ፣ ድንጋዩን ገፋ አድርጌ ቅጠሉን እገልጥና እጄን እከታለሁ። እንደ ትናንቱ ነው። እሸፍነዋለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ስንት ጠዋት እንዳደረግሁት እንጃ።

አንድ ቀን አክስቴ ራሷ ከፈተችው። ላዩ ጠቁሯል፣ ትል ወጥቶበታል። ትኩር ብላ አየችውና ዞራ ጥፍሮቼን አየች።

"ስንቴ ከፈትክ?"

"ደርሶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

"አንተ ስታየው ንፋስ ገባ። ተው እንጂ፣ እሱ ሥራውን ይሥራ።"

አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የተበላሸውን ገፍፈን ጣልን፤ የተረፈው ስላነሰ ሌላ እንሰት አስጥላ እንደገና ፋቀች፣ እንደገና ቀበረች።

እናቴ መውለዷ ሲሰማ ቆጮው ገና አልደረሰም። "እንሂድ" ብዬ አለቀስኩ። "ባዶ እጄን አራስ ቤት አልገባም" አለች፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ውኃ ልቀዳ ስሄድ እንኳ በጉድጓዱ በኩል አላልፍም፤ በዙሪያው እዞር ነበር።

ዲላ ስንገባ ወንድሜ አርባ ቀኑ አልፏል። እናቴ ቆጮውን ቀምሳ "እንዲህ ያለውን ከየት አመጣሽው?" ስትል፣ አክስቴ ወደ እኔ ጠቆመች። "ይሄ ነው የጠበቀው" አለች። ስለ ትሉ ትንፍሽ አላለችም። አሁን በሕይወት የለችም፤ እኔም ለእናቴ ሳልነግራት ቀረሁ።

ወንድሜ መጀመሪያ የሳቀው ለጎረቤት ልጅ ነው አሉኝ። ላቅፈው ስል ጮኸ። ከእናቴ እጅ ቀማሁት፣ ባሰበት። በማግስቱም ባሰበት። እናቴ "አንቺ ደግሞ፣ ልጁን አታስጨንቂው፤ ገና አላወቀሽም" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከአጠገቡ ቁጭ ብዬ እጄን ፍራሹ ላይ አሳረፍኩ፤ አልነካሁትም። ውጭ ያካፋል፤ ቆርቆሮው ይንጠባጠባል። አየኝ፤ ዘወር አለ፤ ደግሞ አየኝ። ብዙ ቆይቶ ትንሿን ጣቴን ያዘ። እናቴን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። እንደያዘኝ እንቅልፍ ወሰደው፤ እግሬ እስኪደነዝዝ አልተነሳሁም።