ከላሞች ጋር የተለዋወጥኩት ገለፈት

ደባርቅ ውስጥ ከእህል ተረፈ ምርት ንጥረ ነገር የምታወጣ ትንሽ ድርጅት ቀጠረችኝ። የመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ነጭ ጋወን ሆዴ ላይ አልቆለፍ አለ። በር ላይ አንድ አባት ሐኪም መስያቸው ምላሳቸውን አወጡልኝ።

"አባቴ፣ እኔ የማየው የባቄላ ገለፈት ነው" ብላቸው፣ "ደግሞ እሱ ምን ነካው?" አሉኝ።

ሥራው ይኼ ነው፦ ባቄላ ሲከካ የሚወድቀውን ገለፈት እንፈጫለን፣ አልኮልና ውሃ ውስጥ እንዘፈዝፋለን፣ በጨርቅ እናጠልላለን። ከዚያ አልኮሉን በሮታሪ፣ ማለትም ሞቅ ያለ ውሃ ላይ በሚሽከረከር ብልቃጥ፣ እናተነዋለን። የሚቀረው ቡናማ ወፍራም ፈሳሽ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል።

አንድ የጎንደር ዘይት ጨማቂ ናሙና ጠየቀን። ሁለቴ ላክን፣ ሁለቴም መለሰው። አለቃዬ ሰናይት፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ኬሚስት፣ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳችው።

"ጋሼ፣ ይኼ የሻይ ብርጭቆ እጣቢ ነው?"

"ሮታሪው ነው" አልኩ።

"ሮታሪውማ እርስዎ ፈተው ከገጠሙት ወዲህ ነው የባሰበት። ሦስተኛውንም ከመለሰው ቤቱ ይዘጋል፤ ስድስታችንም ወደየቤታችን።"

ሰበብ ስላለቀብኝ በማግስቱ ዳባት ወረድኩ። ገለፈቱን የሚያቀርቡልን ክክ ነጋዴዋ እትዬ ጥሩዬ ናቸው። ጓሮ ሳገኛቸው ገለፈቱን ሳፋ ውስጥ ያሹታል። የሚደፉት ውሃ እንደ ጠላ ጠቁሯል።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ማጠብ ነዋ! ለሰው ቤት ቆሻሻ ልላክ? ሦስቴ አጥቤ ነው የማሰጣው።"

እኔ በአልኮል ላወጣው የምታገለውን እሳቸው በቀዝቃዛ ውሃ አውጥተው ሜዳ ላይ ደፍተውታል።

"ለላሞቹም ያጥባሉ?"

"እንዳለ ነው የምሰጣቸው። ላም ታማኛለች?"

"እንግዲያው የላሞቹን ለኔ ይስጡኝ፤ የታጠበውን እነሱ ይብሉት።"

እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ወይ ጉድ! የተማረ ሰው ከላም ምሳ ሲቀማ!"

ሰጡኝ ግን። ሦስተኛው ናሙና እንደ ጥቁር ማር ወፍሮ ወጣ፤ ጨማቂውም ተቀበለው። ሰናይት "ምን ዘዴ ተጠቀሙ?" ስትለኝ፣ "እትዬ ጥሩዬን አሳረፍኳቸው" አልኳት።

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ፦ ጥሬ ዕቃ ሲገባ፣ ገና ሚዛን ላይ ሳይወጣ፣ ያመጣውን ሰው "ምን አደረጋችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይቺን ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።