በሁለተኛ ማርሽ

አውቶማቲክ መኪና የገዛሁት ከፍሪሲዮን ጋር መጣላት ሰልችቶኝ ነው። በማኑዋል ተፈትኜ ደጋግሜ ወደቅሁ፤ በአውቶማቲክ ስፈተን አለፍኩ። መንጃ ፈቃዴ ላይም ከአውቶማቲክ ሌላ እንዳልነዳ ተጻፈበት። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ «አንቺ እኮ ሾፌር አይደለሽም፣ ተሳፋሪ ነሽ» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነበር። ፍሬኑን ስለቅለት ነዳጅ እንኳ ሳልሰጠው በራሱ ይሳባል፤ ማርሹንም ራሱ ይመርጣል። በደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ምቾት ነው፤ በረዶ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚያ እሁድ ጠዋት ከእኔ ሰፈር ከፋርስታ ወደ እሷ ሰፈር ወደ ሃግሴትራ ስነዳ የዚህችኑ ጓደኛዬን እናት መርዶ ይዤ ነበር። ከጎኔ ጋሼ ተቀምጠዋል፤ ከአገር ቤት ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ ያረጁ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከኋላ ደግሞ እትዬ አሉ፤ አዲስ አበባ የሟች ጎረቤት የነበሩ ናቸው። ሁለቱም ጥቁር ለብሰው ከላይ ካፖርት ደርበውበታል፤ የእትዬም ጥቁር ነጠላ ከካፖርታቸው ስር ነው።

ሴትዮዋ ከተቀበሩ ቀናት አልፈዋል። አዲስ አበባ ያሉት የጓደኛዬ ወንድሞች «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች» ብለው ደበቋት። እናቷን ፈልጋ ስትደውል «ተኝታለች» ይሏታል። ከከተማው ማዶ እስከ ቬሊንግቢ ድረስ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማችው ልጅቱ ብቻ ነበረች። ያኔ በዚህ ነገር አንጀቴ አርሮ ነበር፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ሰው የገዛ እናቱን ሞት ከሁሉ መጨረሻ የሚሰማበት ምን ዓይነት እዝነት ነው? «ደውዬ ልንገራት» ብላቸው ጋሼ ተቆጡኝ። «ስሚ ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ቤቷ ገብተን፣ ይዘናት ነው የምንነግራት» አሉ። ሁሉም ሥራ የማይገባበት ቀን ይሁን ተባለና እሁድን ጠበቅን።

እሁድ ደግሞ እሷ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እዚያ ከደረሰች አንዱ አለመስማቷን ሳያውቅ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላታል፤ በሰው መሃል ቆማ ልትሰማው ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጣ መድረስ ነበረብን።

ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል አድሮ የቤቷን ዳገት የጠረገው ሰው አልነበረም። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ጎማዎቹ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ። ነዳጅ ስጨምርለት መኪናው ራሱ ኃይሉን ይቀንስብኛል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለተኛ ይገባና መልሶ አንደኛ ይወርዳል፤ ጎማውም ያንኑ ጉድጓድ ይቆፍራል።

«በሁለተኛ አስነሺው!» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮን የለውም እኮ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ መኪና ነው?»

«እንግዲያው እኔ በእግሬ ልውጣና ልንገራት።»

«ብቻሽን? አይሆንም። የምንገባው አንድ ላይ ነው።»

ሁለት አዛውንት በዚያ በረዶ ላይ በእግር ማስኬድ ደግሞ ሌላ ለቅሶ መጥራት ነው። መሪውን በቡጢ መታሁት። በወጉም፣ በወንድሞቿም፣ በዚህ ቆርቆሮም ተናድጄ ነበር።

ይህን ጊዜ ከላይ የሕንፃው በር ተከፈተ። ጓደኛዬ ነጭ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እየሳቀች፣ ዳር ዳሩን ይዛ ወረደች።

«በመስኮት ሳይሽ ነበር! ልትወስጂኝ ነው አይደል? ምናለ ብትደውዪ?»

አንዳንድ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እወስዳት ስለነበር ምንም አልጠረጠረችም። ምን ልበል? «አዎ» አልኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎንም በዚህ ብርድ ይዛዎት ወጣች? ነይ እስቲ፣ ተነሺልኝ።»

ጋሼ የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆለፉ። እኔ ወርጄ ከኋላ ከእትዬ ጎን ገባሁ፤ እሷ መሪውን ያዘች። ካምቢዮውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ማርሽ በእጅ የሚመረጥበት ማኑዋሉ ውስጥ አስገባችው፤ እኔ መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ ነክቼው የማላውቀው ቦታ ነው። ሁለተኛን መረጠች፤ ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቅ አደረገችውና ነዳጁን በቀስታ ነካችው። ጎማው ያዘ።

«አየሽ? በአንደኛ ጉልበቱ ይበዛና ያንሸራትተዋል። በረዶ ላይ ለራሱ አትተዪለት። በሉ፣ ላይ ደጄ ጋ አዙረን እንወርዳለን።»

መኪናው ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እኛ አጥተነው የነበረውን መንገድ እሷ አገኘችው፤ የራሷን መርዶ ጭና ወደ ቤቷ ትወስደን ነበር። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይኼን ለእማዬ ሳልነግራት አልውልም» አለች እየሳቀች። «በሳቅ ነው የምትሞተው። ይኼን ሰሞን በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ይሉኛል። ዛሬ ግን ቀስቅሱልኝ ነው የምላቸው።»

እትዬ ነጠላቸውን ከካፖርቱ ስር ስበው አፋቸውን አፈኑ። አልቻሉም፤ ሲቃቸው አመለጣቸው።

ጓደኛዬ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። መጀመሪያ እሳቸውን፣ የነጠላቸውን ጥቁረት፣ ቀጥሎ እኔን። ዓይኔን ሰበርኩ። ወደ ጋሼ ዞረች፤ እሳቸውም አልተመለከቷትም።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ወጥተን ነበር። እግሯን ከነዳጁ አነሳች፤ ፍሬን ግን አልያዘችም። መኪናው መሄዱን አልተወም። እሷ መንገዱን ሳታይ፣ እኛ ምንም ሳንነግራት፣ በራሱ እየተሳበ በሯ ድረስ ወሰደን።